ሣር ላሟን በላ

ጥቅምት 6

ለውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ዐይንህስ እንዴት ነው? ያለ መነጽር እንዳትበይድ አደራ። ድልድዩ ሌላ በያጅ ያገኛል፣ እኔ ግን ሌላ ወንድም የለኝም። እኛ ደህና ነን። ባለቤትህም ደህና ናት፤ ሰፈሩ በሙሉ ልብስ የሚያሰፋው እሷ ጋ ስለሆነ ከስፌት መኪናዋ ቀና የምትልበት ጊዜ የላትም እንጂ። ልጅህም ደህና ናት። የወለቁት የፊት ጥርሶቿ በቅለዋል።

በሁለት ደብዳቤ ደጋግመህ የጠየቅከኝን ነገር እያየሁ አልፌዋለሁ። ዛሬም ላልፈው ነበር። ግን አንተ ስትጠይቅ እንደ መዥገር ነህ፣ አትለቅም። «አንቺም እዚያው ትምህርት ቤት ተዛውረሻል፤ ልጄ ስታነብ ሰምተሽ ጻፊልኝ» ነው ያልከኝ።

ሰማኋት። ልጅህ አታነብም።

አትነሣ፣ ቁጭ ብለህ ጨርሰው። ሰነፍ ናት አላልኩም። የሁለተኛ ክፍሉን መጽሐፍ ከሽፋን እስከ ሽፋን ትወጣዋለች። «ሬዲዮ» የሚሏት በከንቱ አይደለም፤ የመምህሯን ድምፅ ከነሳሏ ነው የምታሰማህ። ባለፈው እሑድ ቤት ሄጄ መጽሐፉን አምጪ አልኳት። የላም ሥዕል ያለበትን ገጽ ገልጣ፣ ጣቷን እያስኬደች «ላሟ ሣር በላች» አለች። ጣቷ ገና መጀመሪያው ቃል ላይ ሳለ አፏ ጨርሶ ነበር። ሥዕሉን በእጄ ስሸፍነው ዝም አለች። ከዚያ ደብተሯ ላይ «ሣር ላሟን በላ» ብዬ ጻፍኩላት። ጮክ ብላ «ላሟ ሣር በላች» አለችኝ።

«እርግጠኛ ነሽ?» አልኳት።

«አክስቴ ደግሞ! ላም ሌላ ምን ትበላለች?»

ሳቄ መጣ። ቀጥሎ የፊደል ገበታውን ዘረጋሁላት። ፊደል ቁጠሪ ስትላት ከሀ ጀምራ እንደ ውሃ ታወርደዋለች። ገበታው መሀል ጣትህን «ሎ» ላይ ብታሳርፍ ግን ወደ «ለ» ተመልሳ፣ ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ እያለች በጣቷ ቆጥራ ነው የምትደርስበት። የያዘችው ዜማውን ነው፤ ፊደሉን አይታው አታውቅም።

ጥፋቱ የሷ አይደለም። ሰባ ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ታጭቋል። መምህሯ በዘንግ ትጠቁማለች፣ እነሱ በአንድ ድምፅ ይጮኻሉ። ማን ሰሌዳውን እንዳየ፣ ማን የጓደኛውን አፍ እንደተከተለ የሚያውቅ የለም። ይህችን ልጅ በሁለት ዓመት ውስጥ ለብቻዋ አስቀምጦ የሰማት አንድም ሰው የለም። አንድም!

በክረምቱ ሥልጠና ያየሁትን አጫውቼህ ነበር። አጥኚዎቹ በየትምህርት ቤቱ ልጆችን አንድ በአንድ ሰምተው፣ የትኛው አስተማመር እንደሚሠራ አወዳድረው ነው የመጡት። ነገሩ ተአምር የለውም። ጥቂት ፊደል በድምፁ ታስተምራለህ፣ ቅደም ተከተሉን ታደባልቃለህ፣ በነዚያው ፊደላት ወዲያው ቃል ታስነብባለህ፣ ከዚያ እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ትሰማለህ። ፍቀድልኝና ከትምህርት በኋላ እኔ ልያዛት። ለባለቤትህ ግን ቃሉን አለስልሰህ ንገርልኝ፤ በልጇ እንደማትደራደር ታውቃለህ።

ይህን የሚያመጣልህ የስሚንቶው መኪና ሹፌር ነው። መልሱን በሱው ላክልኝ።

የምትወድህ ታላቅ እህትህ


ጥቅምት 20

ለእትዬ፣

ሰላምታዬን ላሳጥረው።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ምሳ ላይ ነው። የልጄ ወሬ ነው ብዬ ለጓዶቼ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። «ልጅህ አታነብም» የሚለው ጋ ስደርስ ደብዳቤውን አጠፍኩት። እነሱም አንድ በአንድ ወደ ሳህናቸው አቀረቀሩ። እንዲህ ያለ ምሳ በልቼ አላውቅም።

ልጄ ከክፍሏ አንደኛ ናት! ካርዷ ከአልጋዬ በላይ ተለጥፏል። ርዕሰ መምህሩ በእጁ ፈርሞበታል። እሱ ዋሾ፣ አንቺ እውነተኛ? ትምህርት ቤቱን ገና በቅጡ ሳትለምጂው? እኛስ በምን ተማርን? ሀ ሁ ብለን ጮኸን አይደለም እንዴ? ይኸው አንቺ ታነቢያለሽ፣ ይኸው እኔ አነባለሁ። አጥኚ፣ አጥኚ ትያለሽ። አጥኚ የሰው ልጅ ሰምቶ ይሄዳል፤ ልጅን የሚያውቀው የወለደ ነው። አንቺ አልወለድሽ፣ በምን ታውቂዋለሽ?

ለባለቤቴ ቃል ልኬላታለሁ። አላለሰለስኩትም፣ እንዳለ ነው የነገርኳት። ልጄን በሣርና በላም አታጃጅይብኝ።

ወንድምሽ


ኅዳር 2

ለወንድሜ፣

ጤናህን ከሹፌሩ ጠይቄ ደህና ነው ብሎኛል። ተመስገን።

አልወለድሽም ያልከውን አነበብኩት። እናታችን ካረፈች በኋላ አንተን ማን አዝሎ እንዳሳደገህ እዚህ አልዘረዝርም። ዋጥኩት። የልጅህን ነገር ግን አልውጠውም፣ ቢያንቀኝም አልውጠውም!

እኛስ በምን ተማርን ብለሃል። በል ስማ። አብረውን አግዳሚ ላይ የተቀመጡትን እስቲ አስባቸው። ያ ቀልደኛው፣ «ጡሩምባ» የምንለው፣ ከሁላችን በላይ ይጮህ የነበረው የት ደረሰ? ሦስተኛ ክፍል ሲገባ መጽሐፉ ተለወጠበት፣ ያን ዓመት ቀረ። መንታዎቹ ሴቶችስ? እኔና አንተ ያነበብነው አባታችን ከሥራ ሲመለስ የዕቃ መጠቅለያ ጋዜጣ ዘርግቶ «ይህች ማን ናት? ያችኛዋስ?» እያለ እያደባለቀ ስለጠየቀን ነው። ለጩኸቱ አታመስግን። እኔና አንተ የተረፍን ነን። የሰመጠ ሰው ተመልሶ ስለ ወንዙ አይናገርም፤ ስለዚህ ወንዙ ደግ ይመስለናል።

ባለቤትህ ጋ ሄጄ ነበር። በሩን ሙሉውን አልከፈተችውም። አንድም ቀን ከ«አንቺ እትዬ» ሌላ ጠርታኝ የማታውቅ ሴት «ምን ፈልገው ነው?» አለችኝ። ወንድሜ፣ «አንቺ» ከለመደ አፍ የሚወጣ «እርስዎ» ከስድብ ይብሳል። ልጅቷ ከኋላዋ አጮልቃ እያየችኝ ነበር።

አሁን ደግሞ የባሰው መጣ። ርዕሰ መምህሩ አንዱን ክፍል ቀለም አስቀብቶ፣ መጋረጃ ሰቅሎ «የንባብ ማዕከል» ብሎታል። መደርደሪያው ላይ የደረደራቸው መጻሕፍት እኔ ራሴ የማይገቡኝ ወፋፍራም ጥራዞች ናቸው። ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች መጥተው ይመርቁታል። በዕለቱ የምታነበው ልጅህ ናት። መምህሯ «አንዱን ገጽ በደንብ አስጠኛት» ተብላለች።

ቢሮው ገባሁና «ይህች ልጅ ሌላ ገጽ ቢገለጥባት ሰው ፊት ትዋረዳለች» አልኩት።

ከወረቀቱ ቀና ሳይል «ማን ይገልጥባታል?» አለኝ።

ልብ በል። «ታነባለች» አላለም። «ተሳስተሻል» አላለም። ማን ይገልጥባታል ነው ያለው። ያውቃል ማለት ነው! እያወቀ ነው ካርዷ ላይ የፈረመው!

ለባለቤትህ ጻፍላትና ያን ቀን ታስቀራት። እኔን ስለማትሰማኝ ነው፤ እለምንሃለሁ።

እህትህ


ኅዳር 11

ለእትዬ፣

አልጽፍላትም። አዲስ ቀሚስ እየሰፋችላት ነው፣ ፎቶ ይላክልሃል ብላኛለች። ካምፑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ፎቶውን እየጠበቀ ነው። አሁን ቅሪ ብላት የልጅቷ ልብ ይሰበራል፣ የእናቷም።

እልኸኛ ነሽ፤ ከአባታችን ነው የወረስሽው። ርዕሰ መምህሩ ያላትን ነገር ግን፣ «ማን ይገልጥባታል» ያላትን፣ ከአንዴም ሁለቴ አነበብኳት። አልወደድኳትም። ምናልባት አነጋገር አበላሽቶ ይሆናል። ሰው አይደል።

ባለፈው የጻፍኩት አንድ ቃል አለ። የትኛው እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ስለ እሱ ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን።

ወንድምሽ


ኅዳር 27

ለወንድሜ፣

ሹፌሩ የላክህልኝን ቃል አደረሰልኝ፦ «ፎቶው ለምን ቀረ? ልጄስ ለምን ዝም አለች?»

ስለዚያ ቀን ብዙ አልጽፍልህም፤ እናቷ ፊት ለፊት ቆማ ስላየችው እሷ ትንገርህ። እኔ ይህን ያህል ልበልህ። ልጅህ ያጠናችውን ገጽ እንደ ዜና አንባቢ ተወጣችው። አዳራሹ አጨበጨበ። ከእንግዶቹ አንዷ፣ ክፋት የሌለባት ሴት፣ እንዲያውም ደስ ስላላት ነው፣ መጽሐፉን ተቀብላ ሌላ ገጽ ገለጠችና «ይህችንም አንብቢልኝ፣ የኔ ቆንጆ» አለቻት። ልጅህ የፊተኛውን ገጽ እንደገና ተናገረችው፣ አንድም ቃል ሳታዛንፍ። ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ። መጀመሪያ ትንንሾቹ፣ ቀጥሎ ትልልቆቹ። እሷም ሰማቻቸው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ትምህርት ቤት ውስጥ ቃል አይወጣትም። ቤትም ቢሆን አዎና አይደለም ብቻ ነው የምትለው።

እንግዶቹ እንደሄዱ ርዕሰ መምህሩ አስጠራኝ። ይቅርታ ሊጠይቅ ነው ብዬ ነበር፤ ከዚህም የባሰ የዋህ ሆኜ አላውቅም። «ልጅቷን አስቀድመሽ አስፈራርተሻታል፣ እንግዳዋንም ሹክ ብለሻታል፤ ትምህርት ቤቱን ያዋረድሽው አንቺ ነሽ» አለኝ።

«ጌታዬ፣ ልጅቷ አታነብም። ከሷ ጋር የተማሩትም አብዛኞቹ አያነቡም። አንድ በአንድ ያስነብቧቸውና ይስሙ» አልኩት።

«ይህ ትምህርት ቤት እንጂ የሙከራ ጣቢያ አይደለም!» ብሎ ጠረጴዛውን መታ። እሱን ሙከራ ያስጠላዋል! ልጆቹ ላይ ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት የተደረገውን ምን እንበለው? ማንም ውጤቱን ያላየው ሙከራ አይደለም እንዴ?

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጽፎልኛል። ከማስተማር ተነሥቼ የመጋዘን ጠባቂ ሆኛለሁ። አንደኛ ክፍሎቼ ከጎረቤቱ ክፍል ጋር ተደባልቀዋል። በግድግዳው በኩል ስሰማቸው እንደገና በአንድ ድምፅ እየጮኹ ነው። በስድስት ሳምንት ያስለቀቅኳቸውን ጩኸት!

ይህን ስጽፍልህ አላለቀስኩም። ተናድጃለሁ፤ ንዴት ይሻላል፣ ደረቅ ነው።

እህትህ


ታኅሣሥ 9

ለእትዬ፣ ለእናቴ ምትክ፣

ከየት እንደምጀምር አላውቅም። ባለቤቴ ጽፋልኛለች። ካርዱን ከግድግዳው ላይ አንሥቼዋለሁ። አልቀደድኩትም፤ ከልብሴ በታች ሳጥን ውስጥ ነው ያለው። ያን ሰውዬ እንዳገኘው ብቻ ይፈቀድልኝ፤ አፉን በብየዳ ኤሌክትሮድ ነበር የምገጥምለት።

አልወለድሽም ያልኩሽን መልሼ መዋጥ ብችል በዋጥኩት። ከአፌ ሳይሆን ከእፍረቴ ነው የወጣው። ይቅር በዪኝ ማለት ያንሳል፤ ግን ሌላ ቃል የለኝም።

የተማርኩበትን ነገር በራሴ ሥራ ልንገርሽ። አንዳንድ ብየዳ አለ፣ ላዩ እንደ ገመድ የተሰካካ፣ ለዐይን የሚያምር። በመዶሻ ስትመቺው ግን ይገነጠላል፤ ወደ ውስጥ አልገባም ነበርና። እኛ ጋ እንዲህ ያለውን አለቃው በመዶሻ ሳይፈትሽ አያሳልፍም፣ ድልድዩ ላይ ሰው ይሄድበታላ! የልጄን ካርድ ያየሁት ላዩን ነው። መዶሻ ይዘሽ የመጣሽው አንቺ ነሽ፣ እኔም የሰደብኩት መዶሻውን ነው።

ሌላም ነገር አለ። ክሬኑን በእጅ ምልክት የሚመራ «ትራፊክ» የምንለው ጓድ አለን። ከቤቱ ደብዳቤ ሲመጣለት ሁልጊዜ እኔ ነኝ የማነብለት፣ «ዐይኔ ደክሟል» እያለ። ከወንዝ ማዶ የላላ ብሎን የሚለይ ዐይን ነው ደክሟል የሚለኝ! ያንቺን ደብዳቤ ሳነብለት፣ የሰመጠ ሰው የሚለው ጋ ስደርስ አስቆመኝ። «እኔም እኮ ጎበዝ ነበርኩ» አለ። «ብቻዬን አንብብ እስክባል ድረስ።»

መውጣት አልፈቀዱልኝም፤ ምሰሶው እስኪቆም ፈቃድ የለም። ባለቤቴ ወደ አንቺ ልምጣ ትላለች፣ ግን ፊትሽን ማየት ፈርታለች። አንቺ ሂጂ አልልሽም። በሩን ብቻ አትዝጊባት።

ታናሽ ወንድምሽ


ጥር 14

ለወንድሜ፣

ይቅርታህን ተቀብያለሁ፤ ሁለተኛ ስለሱ እንዳታነሣብኝ። ሰውዬውንም አፉን አትበይደው፣ የሚናገረው ሁሉ ማስረጃ ስለሚሆነን ክፍት ይሁን።

መጋዘኑ እንዴት ነው ብለሃል። መጋዘኑማ ጉድ ነው! የተሰበሩ ወንበሮችን ወደ ጎን ሳደርግ እስከ ጣሪያ የተደረደሩ ካርቶኖች አገኘሁ። አንዱን ገለጥ አደረግኩት። ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የሠለጠንኩበት የመምህር መምሪያ! ከሱም ጋር ለየልጁ የሚታደሉ ትንንሽ የማንበቢያ መጻሕፍት፣ የፊደል ካርዶች፣ ሁሉም ከነፕላስቲኩ። ከመጡ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ልጅህ ትምህርት ቤት ሳትገባ በፊት እዚህ ነበሩ፣ ትሰማኛለህ? እሷ ከምትጮህበት ክፍል ግድግዳ ማዶ! እስካሁን ያገላበጣቸው አይጥ ብቻ ነው።

ከኔ በፊት የነበረውን ንብረት ያዥ «ለምን አልታደሉም?» አልኩት። ሽማግሌው አንገቱን እየነቀነቀ፣ «ልጆች ያቆሽሹታል፣ ቆጠራ ሲመጣ ይጎድላል ተባለ» አለኝ። መጽሐፍ ንጹሕ ይቆይ ተብሎ ልጅ ደንቆሮ ይቅር!

በነጋታው ባለቤትህ መጣች። የልብስ መለኪያው ሜትር አንገቷ ላይ ነበር፤ ሥራ አቋርጣ ነው የሮጠችው። በሩ ላይ ቆመች።

«እትዬ» አለች። «እርስዎ» ቀርቷል። «ሣርና ላም ያልሽውን ሞከርኩባት።»

«እና?»

«እንዳልሽው ነው።» ካርቶን ላይ ተቀመጠች። «ያን ቀን ከሁሉም ቀድሜ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። አፏን ሳትከፍት ገና።» ከዚያ አፍንጫዋን ጠረግ አድርጋ፣ «በይ፣ ከየት ነው የሚጀመረው?» አለችኝ። ሌላ ንግግር አላደረግንም። ሁለታችንም ሥራ የለመድን ሰዎች ነን።

በአምስት ፊደል ጀመርን። ላ፣ ማ፣ ም፣ ሰ፣ ር። ልጅቷ አልናገርም ስላለች አላስገደድኳትም። እኔ ድምፁን እላለሁ፣ እሷ ካርዱን ወደኔ ትገፋለች። ደባለቅኳቸው፤ ለየቻቸው። ወደ ኋላ ተመልሳ መቁጠሩን ስታቆም ጣቶቿ ሥራ እንደፈታ ሰው ጭኗ ላይ ተጋደሙ። ከዚያ ሁለቱን አስጠግቼ እጄን ሰበሰብኩ። «ማ...» አለች በሹክሹክታ። «ማ... ር።» ቀና ብላ አየችኝ፣ ዐይኗ እንዲህ ፈጦ። «አክስቴ! ማንም ሳይነግረኝ!»

እናቷ የስፌት መርፌ ጠፋብኝ ብላ መሬቱን መፈለግ ጀመረች። መርፌ አልያዘችም ነበር።

አሁን ስፌት ቤቱ ሌላ ሆኗል። ለማሰፋት የመጣችውን እናት ሁሉ፣ እያሰካች፣ እየለካች፣ «ቤት ስትገቢ ሥዕሉን በእጅሽ ሸፍነሽ ልጅሽን አስነብቢው» ትላለች። በማግሥቱ ሴቶቹ ፊታቸው አመድ መስሎ ይመለሳሉ። ወሬው ሰፈሩን ሲያዳርስ ርዕሰ መምህሩ ወላጆችን ለመሰብሰብ ተገደደ።

ስብሰባው ላይ «ልጆቻችሁ ያነባሉ፤ ሰው ፊት ስለሚፈሩ ነው» አለ።

ባለቤትህ ተነሣች። «እኔ ፊት ምን ያስፈራታል? እናቷ አይደለሁም?»

«እመቤቴ፣ ይህ የባለሙያ ጉዳይ ነው።»

«እኔም ባለሙያ ነኝ። እጅጌው የማይገባ ኮት ሰፍቼ ‹ክንድህ ፈርቶ ነው› ብዬ ደንበኛ አልሸኝም።»

ሳቅ ሆነ። ሳቁ ሳይበርድ ከኋላ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ብድግ አለ። ኮፍያውን አውልቆ ያዘ። «የኔ ልጅ አራተኛ ክፍል ነው» አለ። የሚቀጥል መስሎን ጠበቅነው። አልቀጠለም፤ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ የሳቀ ሰው የለም።

ሹፌሩ ሞተሩን አስነሥቶ ጡሩምባ እየነፋብኝ ስለሆነ የቀረውን በሚቀጥለው።

እህትህ


ሚያዝያ 3

ለወንድሜ፣

ምሰሶው በመቆሙ ደስ ብሎናል። ትራፊክን ፊደል ማስያዝ መጀመርህንም ሰማሁ። እንዳትጮህበት። አምስት አምስት እያደረግክ፣ እያደባለቅክ፣ ለብቻችሁ ስትሆኑ። ሽማግሌ ነኝ አይሆንልኝም ቢልህ የእህቴ ምርጥ ተማሪ አባት ነኝ በለው።

መጋዘኑ እንዴት ተከፈተ ብለህ ጠይቀሃል። በቁልፍ ነው የተከፈተው። ቁልፉ እኔ ጋ ነበራ! ጠባቂ አድርጎ የሾመኝ ራሱ አይደል? ስብሰባው ላይ «ከበላይ ፈቃድ ሳይመጣ አንድ ገጽ አይወጣም» ሲል፣ ወላጆቹን «ተከተሉኝ» ብዬ ወሰድኳቸውና በሩን ከፈትኩላቸው። ምንም አላወጣሁም። እንዲያዩት ብቻ ነው ያደረግኩት። አይጥ የበላውንም ያልበላውንም አዩ። አንዷ እናት ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ዓመት በጣቷ ነካክታ፣ «ልጄ የገባችው በዚህ ዓመት ነው» አለች። ፈቃዱ በሳምንቱ መጣ። ሲፈልጉት የሚፈጥን ነገር ነው ለካ።

ወደ ክፍሌ ተመልሻለሁ። አንደኛና ሁለተኛ ክፍል በመምሪያው መማር ጀምረዋል። የሁለተኛ ክፍሏ መምህር፣ ባለሳሏ፣ መጀመሪያ አኩርፋኝ ነበር። አሁን በየዕለቱ እረፍት ላይ እየመጣች «ይህኛው ልጅ ሁለት ፊደል ያምታታብኛል፣ ምን ላድርግ?» ትለኛለች። እሷንም እኮ ለብቻዋ ሰምቷት የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

አሁን የምነግርህን ስታነብ ብረት በእጅህ እንዳትይዝ። ርዕሰ መምህሩ ምን የተደረገ ይመስልሃል? ተቀጣ? ተወቀሰ? ተሾመ! የበላይ መሥሪያ ቤቱ የንባብ ማሻሻያ አስተባባሪ አድርጎ ወስዶታል፤ «በትምህርት ቤቱ ላስመዘገበው ለውጥ»! እኔን የቀጣበትን ነገር ሊያስተባብር! ማስጠንቀቂያዬ ይነሣልኝ ብዬ ባመለክት፣ ጉዳዩ የሚመለከተው የሱን አዲስ ቢሮ ነው አሉኝ። ይህን ሰምቼ ሳቅኩ፤ ሰው የሚስቀው ደስ ሲለው ብቻ እንዳይመስልህ።

ይሁን ብዬ ልተወው ነበር። ያላስተወኝ ነገር ሌላ ነው። ሦስተኛና አራተኛ ክፍል ያሉት ከመርሐ ግብሩ ውጭ ናቸው። «እነሱ ንባብ ያለፉ ክፍሎች ናቸው» ተባለ። ክፍሉን አልፈውታል፤ ንባቡም አልፏቸዋል። የጥበቃ ሠራተኛው ልጅ እዚያ ውስጥ ነው።

ባለፈው ሐሙስ ያው ሰውዬ በአዲሱ ሹመቱ ክፍል ሊጎበኝ መጣ። ፎቶ አንሺና እንግዶች ይዟል። እኔ ልጆቹ ሲያነቡ እንዳግዝ ሁለተኛ ክፍል ገብቼ ነበር። ልጅህን ሲያያት ዐይኑ በራ። ከቦርሳው ወረቀት አወጣ። ማንም ያላጠናው ገጽ ነው፣ እሱ ራሱ ያዘጋጀው። ፎቶ አንሺው ተንበረከከ።

«ነይ እስቲ፣ ጎበዟ። ለእንግዶቻችን አንብቢላቸው።»

ወደ ፊት ወጣች። ወረቀቱን ተቀብላ አየችው። ዐይኖቿ ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄዱ፣ አንድ ቦታ ቆመው ወደ ኋላ ሲመለሱ፣ እንደገና ሲቀጥሉ አየሁ። ከንፈሯ አልተንቀሳቀሰም። እስከ መጨረሻው መስመር ደረሰች። ከዚያ ወረቀቱን አጥፋ መለሰችለት።

«አነበብሽው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ጮክ ብለሽ ነዋ!»

«ለራሴ ነው ያነበብኩት» አለችው። ወደ ቦታዋም ሄዳ ተቀመጠች።

ሰውዬው ወደኔ ዞረ። መምህር ነኝና መገሠጽ ነበረብኝ። «ምን ይላል ወረቀቱ?» ብዬ ከመቀመጫዋ ሳላስነሣት ጠየቅኳት።

«የንባብ ማዕከሉ ለሁሉም ክፍሎች ክፍት ነው ይላል» አለች። ጥቂት አሰብ አድርጋ ደግሞ፣ «ውሸት ነው እንጂ። ሦስተኛና አራተኛ አይገቡም» አለች።

ወንድሜ፣ ፎቶ አልተነሣም።

እኔም ከዚያ ቀን በኋላ ብዙ አላሰብኩም። ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ትምህርት ሲለቀቅ ሦስተኛና አራተኛ ክፍሎችን በቡድን በቡድን ማዕከሉ ውስጥ አስተምራለሁ። ባለቤትህ የፊደል ካርዱን ከቁርጥራጭ ጨርቅ እየሰፋችልን ነው፤ አይቀደድም፣ ቢቆሽሽም ይታጠባል። ወፋፍራሞቹን ጥራዞች ወደ መጋዘን መልሰናቸዋል፤ አይጦቹ እንዳይራቡ። የጥበቃ ሠራተኛው ከሥራው ሲወጣ በሩን እኔ እይዛለሁ ብሏል።

ፈቃድ አልጠየቅኩም። አልጠይቅምም። ሊያስቆመኝ የሚፈልግ ካለ ይምጣ፤ መጀመሪያ ግን ከአንዱ ልጅ አጠገብ ተቀምጦ ይስማው።

እህትህ